ለኪልት ስፌት የሚሆን ማሽን በቤት ውስጥ ለሚሠሩ፦ ከመረጥኩትና ከሠራሁበት

ኑሮዬ በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ ነው፤ ሥራዬም በመኖሪያ ቤቴ አንዱን ክፍል ይዤ ኪልት፣ ማለትም ስኮትላንዳውያን ወንዶች የሚለብሱትን ባለ ሽንሽን ጉርድ፣ መስፋት ነው። ስፌት የተማርኩት አዲስ አበባ፣ በእግር በሚረገጥ ጥቁር ሲንጀር ላይ ሲሆን ይሰፋ የነበረውም ሱሪ፣ ኮትና የተማሪ ደንብ ልብስ ነበር። እዚህ ኪልት መስፋት ከጀመርኩ ወዲህ በብሪታንያ የሚኖሩ ልብስ ሰፊ ወገኖቼ «ለኪልት የሚሆነው ጠንካራ ማሽን የትኛው ነው?» እያሉ ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ፣ ለእያንዳንዱ በቁራጭ ከምመልስ ያየሁትንና የሠራሁበትን ሰብሰብ አድርጌ መጻፉ የተሻለ ሆኖ ታየኝ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ለኪልት ማሽን ሲመረጥ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት፣ ማሽኑ የላይኛውንና የታችኛውን ጨርቅ እኩል ማራመዱ ነው። ወፍራም ጨርቅ የመውጋት ኃይል አስፈላጊ ቢሆንም ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ማሽኖች ይወጋሉ፣ መስመር ሳያዛንፉ የሚሰፉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ልብሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። የባህሉ ኪልት 8 ያርድ፣ ማለትም ከ7 ሜትር የሚበልጥ ርዝመት ያለው ታርታን፣ ማለትም በባለ ቀለም መስመሮች የተሸመነ የሱፍ ጨርቅ፣ ይፈጃል። ጨርቁ ከሸማኔው ፋብሪካ የሚወጣው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ይዞ ስለሆነ 4 ያርድ ይገዛና በርዝመቱ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱ ቁራጮች ጫፍ ለጫፍ ይጋጠማሉ። የታችኛው ጠርዝ የጨርቁ የራሱ የሽመና ዳር ስለሚሆን አይታጠፍም፣ አይዘመዘምምም። የታርታን ክብደት የሚነገረው በአንድ ያርድ ስንት አውንስ እንደሆነ ነው፤ ቀላሉ 10 ወይም 11፣ መካከለኛው 13፣ ከባዱ ደግሞ 16 አውንስ ነው። በደቡብ ስኮትላንድ በሴልከርክ ከተማ ከሚገኘው ከሎክካሮን ፋብሪካ የሚመጣውን ባለ 16 አውንስ ጨርቅ የያዘ ሰው ክብደቱን ወዲያው ይረዳዋል፤ አንድ ያርዱ 450 ግራም ያህል ስለሆነ ለአንድ ኪልት የሚገባው ጨርቅ ብቻውን 1.8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ይህ ሁሉ ጨርቅ በጀርባ በኩል በሽንሽን ይታጠፋል። የታርታኑ ሥዕል በየ15 ሴንቲ ሜትር የሚደገም ነው እንበል፤ እያንዳንዱ ሽንሽን አንድ ሙሉ ሥዕል ዋጥ አድርጎ በዳሌ ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያሳያል። እንግዲህ 15ን ለ2.5 ብናካፍል በጀርባ በኩል በዳሌ ላይ በአማካይ 6 ድርብ፣ ማለትም 6 ጊዜ የተነባበረ ጨርቅ አለ ማለት ነው። ልብሱ ወደ ወገብ እየጠበበ ሲሄድ የሚታየው የሽንሽን ስፋት ወደ 1.9 ሴንቲ ሜትር ስለሚወርድ ድርቡ ወደ 8 ይጠጋል። ኪልት ሰፊዎች ሽንሽኖቹን ከሰፉ በኋላ ከውስጥ በኩል፣ ከዳሌ በላይ ያለውን ትርፍ ጨርቅ ቆርጠው የሚያወጡት በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ቅርጽ የሚይዘው ጠንካራ ሸራ፣ በላዩ የጥጥ ገበር፣ በወገቡም ላይ ራሱ ታርታን የሆነ ጥብጣብ ይጨመራል። ስለዚህ ወገብ ላይ የምትሰፋው መርፌ ሱፍ፣ ሸራና ጥጥ በአንድነት ታገኛለች፤ ሽንሽን በተደራረበበትና ባልተደራረበበት መካከልም ውፍረቱ በድንገት ይወጣል፣ ይወርዳል።

ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ልትወስኑት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በማሽን የምትሰፉት የትኛውን ክፍል እንደሆነ ነው። እኔ የባህሉን ኪልት ሽንሽኖች በማሽን አልሰፋም። የእጁ ስፌት የሚሄደው ከውጭ በኩል ነው፤ ዓይን የታርታኑን መስመር እያየ፣ መርፌዋ የአንዱን ሽንሽን እጥፋት ከሥሩ ካለው ጋር ጥቂት ክር ብቻ እየነካች ታያይዘዋለች፣ ከዳሌ ወደ ወገብ ሲኬድም ስፋቱ በጥቂት በጥቂቱ ይቀነሳል። በማሽን ሲሆን ግን ስፌቱ ከውስጥ በኩል ስለሚሠራ ሰፊው የሚያየው የጨርቁን ጀርባ ነው፤ መስመሩ መዛነፉን የሚያውቀው ገልብጦ ሲያይ ነው። በማሽን ብቻ ተሰፍተው በርካሽ የሚሸጡ ኪልቶች መኖራቸውን አውቃለሁ፤ የሚለብሳቸው ሰው መብቱ ነው፤ ነገር ግን ልጅ ከአባቱ የሚወርሰውን ልብስ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ለሽንሽኑ እጁን ማሠልጠን አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ለማሽኑ የሚቀረውም ቀላል አይደለም፦ ሁለቱን የጨርቅ ቁራጮች ማጋጠም፣ የወገብ ጥብጣቡን ማያያዝ፣ ገበሩን መገጣጠም፣ የሸራ ቁራጮችን እርስ በርስ መያዝ ሁሉ በማሽን ሊሠራ ይችላል።

አሁን ወደ ጨርቅ ማራመዱ ልመለስ። የተለመደው ማሽን ጨርቁን የሚገፋው ከሥር በሚወጡት ጥርሶች ብቻ ነው። ከላይ ያለው እግር ይጫናል እንጂ አይራመድም፤ ስለዚህ የታችኛው ጨርቅ በጥርሶቹ ተይዞ ሲሄድ የላይኛው በእግሩ ተይዞ ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል። አንድ ቀለም በሆነ ጨርቅ ላይ ይህን ማንም አያየውም። በታርታን ላይ ግን የወገብ ጥብጣቡ መስመሮች በፊት ለፊቱ ከሚታየው ክፍል መስመሮች ጋር መግጠም አለባቸው፤ ጥብጣቡም ለአንድ አማካይ ሰው ከአንድ ሜትር በላይ ርዝመት ስላለው በየስፌቱ የምትጠፋው ኢምንት ተጠራቅማ መጨረሻው ላይ ሚሊ ሜትሮች ትሆናለች። ነጭ መስመር ከነጭ መስመር በ3 ሚሊ ሜትር ተዛንፎ ሲገኝ ማንኛውም ስኮትላንዳዊ ደንበኛ ወዲያው ያየዋል።

ለዚህ ብዙ መፍትሔ አለ። የመጀመሪያውና ርካሹ፣ ከማሽን በፊት በእጅ መወስወስ ነው፤ በስፒል ብቻ የተያዘ ታርታን በስፒልና በስፒል መካከል ይንሸራተታል፣ በአጫጭር ስፌት የተወሰወሰው ግን ቦታውን አይለቅም። ሁለተኛው የእግሩን ጫና መቀነስ ነው፤ ስለዚህ የእግሩን ጫና ማስተካከያ ብሎን የሌለውን ማሽን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ አትግዙ። ሦስተኛው ከላይም የሚያራምድ ዘዴ ነው። ብዙዎቹ የፋፍ ማሽኖች እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ ከእግሩ ኋላ ተዘርግቶ የላይኛውን ጨርቅ የሚገፋ መሣሪያ ከአካላቸው ጋር ተሠርቶላቸው ይመጣሉ፤ በሌሎች የቤት ማሽኖች ላይ ደግሞ ተራማጅ እግር ለብቻው ተገዝቶ ይገጠማል። ይህ የሚገጠመው እግር ለቀላል ታርታን ይረዳል፤ ነገር ግን አካሉ ወፍራም ስለሆነ ከእግሩ በታች ያለውን ክፍት ቦታ ይቀንሳል፣ ይህም ወፍራም ሥራ ላይ የሚያስፈልጋችሁን ቦታ ይወስድባችኋል። አራተኛው መርፌዋ ራሷ ጨርቁን ወግታ ከጥርሶቹ ጋር አብራ ወደ ኋላ የምትሄድበት የፋብሪካ ማሽን ነው፤ ለምሳሌ የጁኪ ዲኤልኤን-5410 በዚህ መንገድ ይሠራል። መርፌ ሁሉንም ድርብ በአንድነት ይዛ ስለምትሄድ መንሸራተቱ እጅግ ይቀንሳል፣ በሱፉም ላይ የእግር ጠባሳ አይተውም። ለኪልት ሰፊ ከዚህ የሚሻል አሠራር አላየሁም።

ከማራመድ ቀጥሎ የምመለከተው ከእግሩ በታች ያለውን ቦታ ነው። አብዛኞቹ የቤት ማሽኖች እግራቸው ሲነሣ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል፤ ማንሻውን ይበልጥ ወደ ላይ ሲገፉትም ጥቂት ይጨምራል። ከከባድ ታርታን የተሠራ ወገብ ከነሸራውና ከነገበሩ በዚህ ክፍተት ውስጥ ተጨናንቆ ይገባል፤ ሲገባም መስመሩ ይንቀሳቀሳል። በጉልበት የሚነሣ ማንሻ ያለው ማሽን ሁለቱንም እጅ ነጻ ስለሚተው ጨርቁን ሳትለቁ እግሩን ማንሣት ትችላላችሁ፤ ይህን አንድ ጊዜ የለመደ ሰው ያለ እርሱ መሥራት ይከብደዋል።

ሦስተኛው በዝግታ መስፋት መቻሉ ነው። በካርቶኑ ላይ «ለከባድ ሥራ» ተብሎ የተጻፈባቸው የቤት ማሽኖች አሉ፤ ይህ ቃል አምራቹ ራሱ የሚመርጠው የገበያ ስም ስለሆነ ብቻውን ምንም ዋስትና አይሰጥም። ከእነዚህ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ሲንጀር 4423 የውስጥ አጽሙ ብረት ነው፣ በደቂቃም እስከ 1,100 ስፌት ይሰፋል ይባላል። ሱሪ ለሚያሳጥር፣ ጂንስ ለሚጠግን ሰው ዋጋው ተመጣጣኝ፣ አገልግሎቱም መልካም ነው። ለኪልት ግን ፍጥነት ምንም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው መርፌዋን አንድ በአንድ እያወረዱ፣ መስመር ከመስመር እያመሳከሩ፣ ሽንሽኑ ከፍ ባለበት ቦታ ላይ ሞተሩ ሳይታገል መሻገር ነው። ፔዳሉን በትንሹ ስትነኩት ጸጥ ብሎ ቆይቶ ድንገት የሚፈተለክ ማሽን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ደግሞም ሰውነቱ 7 ኪሎ የማይሞላ ማሽን ላይ 2 ኪሎ የሚጠጋ ኪልት ሲንጠለጠል ጨርቁ መርፌዋን ይጎትታል። በየትኛውም ማሽን ብትሠሩ በስተግራና በስተኋላ ጨርቁን የሚሸከም፣ ከማሽኑ ወለል ጋር እኩል የሆነ ሰፊ ጠረጴዛ ያስፈልጋችኋል። ለመርፌ መሰበርና ለስፌት መዝለል ብዙ ጊዜ ማሽኑ ይወቀሳል እንጂ፣ ባየሁት መጠን አጥፊው ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ መሬት የተንጠለጠለው ጨርቅ ነው።

በጀታቸው ውስን ለሆነ፣ በፎቅ ቤት ውስጥ ለሚሠሩ ወገኖቼ ያለ ማመንታት የምመክረው አሮጌውን ሲንጀር 201ኬን ነው። ከግላስጎው በስተምዕራብ ባለችው ክላይድባንክ፣ ኪልቦዊ በተባለው ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1885 የተከፈተ ታላቅ የሲንጀር ፋብሪካ ነበር፤ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ማሽን ያወጣ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1980ም ተዘጋ። ዛሬ በቦታው የቀረው የባቡር ጣቢያ «ሲንጀር» ተብሎ ይጠራል። በማሽኖቹ ስም ላይ ከቁጥሩ ቀጥሎ የምትታየው «ኬ» የዚህን ፋብሪካ ስም ታመለክታለች፤ በአገራችን በጥቁር ሲንጀር የሠራችሁ ሁሉ ፊደሏን ሳታዩ አልቀራችሁም። ማሽኖቹ እዚሁ የተሠሩ ስለሆኑ በስኮትላንድ በየአሮጌ ዕቃ መሸጫውና በየሰው ቤት ይገኛሉ፤ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ከ100 ፓውንድ በታች ነው።

201ኬ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ይሰፋል፤ ዚግዛግ የለውም። ይህ ለኪልት ጉድለት አይደለም፤ መርፌዋ ወደ ጎን እንድትወዛወዝ ስላልተሠራች የምትገባበት ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ስፌቱም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኃይሉ ከላይኛው ዘንግ ወደ ታች የሚወርደው በብረት ማርሽ ነው፤ ክሩን የሚይዘው መንጠቆም ወዲያና ወዲህ ሳይመላለስ ባንድ አቅጣጫ ይዞራል። በዚህ ምክንያት ድምፁ ዝቅተኛ ነው። የእንጨት ወለል ባለው የግላስጎው አሮጌ ፎቅ ቤት ለምንኖር፣ ከሥራችን ሕፃን ልጅ የሚያስተኛ ጎረቤት ላለን ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። መርፌው ዛሬ በየሱቁ የሚገኘው ተራ የቤት ማሽን መርፌ ነው፤ ቦቢኑም አሁን ድረስ ይሸጣል። በእጅ መዘውር የሚዞረውን ዓይነት ግን አልመክርም፤ ረጅም መስመር ለማመሳከር ሁለት እጅ ያስፈልጋል። በእግር የሚረገጠውን ካገኛችሁና ቦታ ካላችሁ ውሰዱት፤ ረግጦ መስፋትን በአገር ቤት የለመደ ሰው ከማንኛውም የኤሌክትሪክ ፔዳል የተሻለ ዝግታ በእግሩ ያገኛል።

አሮጌ ማሽን ስትገዙ ቀለሙና ወርቃማ ጌጡ አያታላችሁ። መጀመሪያ መዘውሩን በእጃችሁ አዙሩ፤ ቢከብድም ዘይት የሚያድነው መድረቅ ሊሆን ይችላል፣ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ የሚቆም ከሆነ ግን ተዉት። የኤሌክትሪክ ሽቦውን ሳታጥፉ እዩት፤ የዚያ ዘመን ሽቦ ልባሱ ደርቆ የሚፈረካከስ ሲሆን፣ እንዲህ ሆኖ ካገኛችሁት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳይቀይረው ሶኬት ላይ አትሰኩት። የመንጠቆውን ጫፍ በጥፍራችሁ ዳብሱ፤ ከተጫረ ክር ይበጥሳል። ከላይና ከታች ቀለማቸው የተለያየ ሁለት ክሮች ይዛችሁ ሂዱና ስፌቱን አይታችሁ ፍረዱ። ለማለስለሻ ንጹሕ የማሽን ዘይት ብቻ ተጠቀሙ፤ የምግብ ዘይት ቆይቶ እንደ ሙጫ ስለሚደርቅ መልካም የነበረውን ማሽን ያስራል።

አዲስ ማሽን ከነዋስትናው የሚፈልግ፣ ገንዘቡም ያለው ሰው፣ ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ከሚሰፉት ፈጣን ማሽኖች ወገን እንደ ጁኪ ቲኤል-2010ኪው ያለውን ይመልከት። ሰውነቱ አሉሚኒየም ነው፣ የጉልበት ማንሻ አለው፣ ፍጥነቱም በማስተካከያ ዝቅ ይላል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲያበቃ የሚነሣ ስለሆነ ለብቻው ክፍል ለሌለው ሰው ይመቻል።

የተለየ ክፍል ያለው ሰው ግን ያገለገለ የፋብሪካ ማሽን ቢገዛ አይጸጸትም። ከነጠረጴዛው 120 በ50 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ይይዛል፤ በጠባብ ደረጃ ለማውጣትም ጠረጴዛውንና ማሽኑን መለያየት ያስፈልጋል። ሞተሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የድሮው ሞተር ሳትሰፉም ሁልጊዜ እየዞረ ይጮኻል፣ ኃይሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ሰርቮ የሚባለው አዲሱ ሞተር ግን ፔዳሉን ስትረግጡ ብቻ ይዞራል፣ ፍጥነቱንም እስክትፈልጉት ድረስ ማውረድ ይቻላል። የቀረው አካል ጥሩ ከሆነ ሞተሩን ብቻ መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም፤ ቺንጋው በአዲሱ ልክ መሆኑን ማረጋገጥ በቂ ነው። ለቆዳና ለድንኳን የተሠሩትን፣ እግርም ጥርስም መርፌም አብረው የሚራመዱባቸውን ከባድ ማሽኖች ግን ለሱፍ ኪልት አትግዙ፤ የእግራቸው ጥርስ በለስላሳው ሱፍ ላይ ካውያ የማያጠፋው ምልክት ይተዋል።

እነዚህ ከባድ ማሽኖች ቦታቸው ሌላ ዓይነት ኪልት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በሲያትል የተመሠረተው ዩቲሊኪልትስ እንዳስተዋወቀው ያለ፣ ከወፍራም የጥጥ ሸራ ተሠርቶ ኪስ የሚደረግለት የሥራ ኪልት የምትሰፉ ከሆነ፣ ሽንሽኑም ሁሉ በማሽን፣ ከላይ በሚታይ ስፌት ስለሚያዝ፣ የመውጋት ኃይል በእርግጥ ዋና ጉዳይ ይሆናል። በዚያ ላይ 110 ቁጥር የጂንስ መርፌና 3.5 ሚሊ ሜትር እርምጃ እጠቀማለሁ። ለሱፍ ግን 90 ቁጥር፣ ሸራና ገበር ሲጨመርበት 100 ቁጥር መርፌ ይበቃል፤ እርምጃው ከ2.5 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ኪልቱ ወገብ ላይ የሚታሰርበትን የቆዳ ጠፍርና ዘለበት በቤት ማሽን ለመስፋት አትሞክሩ፤ ቀዳዳውን በወስፌ አውጥቶ በሰም በተቀባ ክር በእጅ መስፋት ለማሽኑም ለጠፍሩም ይሻላል። የውስጡ ጠፍር በግራ ጎን የሚያልፍበትን ቀዳዳም በእጅ ዘምዝሙት፤ ለእርሱ ብቻ ተብሎ ዚግዛግ ያለው ማሽን መግዛት አያስፈልግም።

ሻጩ ዘንድ ስትሄዱ የሱቁን ናሙና ጨርቅ አትቀበሉ። ከ16 አውንስ ታርታን 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ቁራጮች፣ ከእነርሱም ሌላ ስድስት ድርብ ተደርጎ የተወሰወሰ ከነሸራውና ከነገበሩ ያለ ናሙና ይዛችሁ ሂዱ። ሁለቱን ቁራጮች መስመር ከመስመር አግጥማችሁ፣ ሳትወሰውሱ፣ ሳትጎትቱ ስፉና መጨረሻው ላይ ምን ያህል እንደተዛነፉ በማስመሪያ ለኩ። ከዚያ ወፍራሙን ናሙና ከአንድ ድርብ ጀምራችሁ ወደ ስድስት ድርብ በዝግታ አሻግሩት፤ ስፌቱ እርምጃው ሳያጥር ካለፈ፣ ሞተሩም ሳይቃትት ከተሻገረ፣ ገልብጣችሁም የጥርስ ምልክት ካላያችሁ፣ ዋጋውን መነጋገር ትችላላችሁ። በጀታችሁን ስታወጡም ሁሉንም ገንዘብ ማሽኑ ላይ አትጨርሱ፤ ከባድ ባለ እንፋሎት ካውያ፣ ኪልቱን ሙሉ ስፋቱን ዘርግቶ የሚይዝ ጠንካራ የካውያ ጠረጴዛና በእርጥብ ጨርቅ ደጋግሞ ለመጫን የሚሆን ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ካልተገዛ፣ በየትኛውም ማሽን የተሰፋ ሽንሽን ቀጥ ብሎ አይወርድም።